ብረት ለሚያነሣ ሰው ስብ ስንት ይበቃዋል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ስብ የሚጠይቁ ናቸው። አንዱ የሌላውን መልስ ስለሚያግዝ አንድ ላይ አቀርባቸዋለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ብረት ማንሣት የጀመርኩት ቂርቆስ ሰፈር በግቢያችን ነው፤ በኒዶ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን፣ የውሃ ቧንቧ ሰክተን። ቆይቶ ሜሪላንድ ስኖር በፓወርሊፍቲንግ ተወዳደርኩ፤ ስኳት (ባር የሚባለውን የብረት ዘንግ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት መግፋት) እና ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት ማንሣት) የሚደመሩበት፣ በክብደት ምድብ የሚደረግ ውድድር ነው። አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ ወጣቶች አሠለጥናለሁ።

ጥያቄ። ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? 27 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 172 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 83 ኪሎ፣ ወገቤ 92፣ አንገቴ 39 ሴንቲ ሜትር ነው። ስኳት 160፣ ቤንች 110፣ ዴድሊፍት 200 እሠራለሁ። ሰኔ ላይ በጂማችን በዓለም አቀፉ ሕግ ውድድር ልናደርግ ነው። ጓደኞቼ «ቦርጭህን አጥፍተህ ወደ 74 ኪሎ ምድብ ውረድ፣ እዚያ ማንም አይችልህም» ይሉኛል። የጂሙ ሚዛን አንድ ቀን ስብህ 24 በመቶ ነው ይለኛል፣ ከሦስት ቀን በኋላ 19። ዐቢይ ጾምንም እጾማለሁ። ለኃይል የሚሻለው የስብ መጠን ስንት ነው?
ከሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ

መልስ። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያን ሚዛን እንተወው። እግርህ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ አሳልፎ በሰውነትህ ያለውን ውሃ ይገምታል፤ ስቡን የሚያወጣው ከዚያ ግምት ተነሥቶ በስሌት ነው። ውሃ ጠጥተህ ወይም ላብ አጥምቆህ ስትወጣበት ቁጥሩ ይለወጣል። ከ24 ወደ 19 ወረድክ ማለት በሦስት ቀን አራት ኪሎ ስብ ጠፋ ማለት ነው፤ ይህ አይሆንም። ዴክሳ የሚባለው በኤክስሬይ የሚሠራ ምርመራ ይሻላል፣ ግን እሱም ጥቂት ይስታል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። አንተ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዛ። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ ሆድህን ወደ ውስጥ ሳትስብ እምብርትህ ላይ ለካ። አንገትህን ከማንቁርትህ ዝቅ ብለህ ለካ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወታደሮቹን ስብ ከወገብ፣ ከአንገትና ከቁመት ለመገመት ያወጣው ቀመር አለ። የላክህልኝን ልኬት አስገብቼ ሳሰላው 22 በመቶ ገደማ ወጣ። እሱም ግምት ነው፤ ግን በየወሩ በአንድ ሜትር፣ በአንድ ሰዓት ከለካህ ወደየት እየሄድክ እንደሆነ በደንብ ይነግርሃል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከ83 ኪሎህ 18ቱ ስብ ነው፤ 65ቱ ጡንቻህ፣ አጥንትህ፣ ደምህና የቀረው አካልህ። ከ65ቱ ምንም ሳይጎድል 74 ለመግባት ስብህ ወደ 12 በመቶ መውረድ አለበት። ዘጠኝ ኪሎ ስብ ብቻውን ይውጣ ማለት ነው። በችኮላ ሲሆን ብቻውን አይወጣም፤ ጡንቻውንም ይዞት ይሄዳል።

ይህን ያወቅሁት ተጎድቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ82 ኪሎ በዘጠኝ ሳምንት 74 ወረድኩ። እንጀራ ተውኩ፤ ማታ ማታ የተቀቀለ ጎመንና የዶሮ ደረት ብቻ ነበር የምበላው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ኪሎ ሳውና ገብቼ በላብ አወጣኋቸው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ የክብደት ምዘናው የሚከፈተው ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው፤ ያን ያህል ውሃ ደግሞ በሁለት ሰዓት ወደ ጡንቻ አይመለስም። የወገብ ቀበቶዬ ሦስት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሆዴ ላይ መስመር ይታያል። ባሩ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ግን የሌላ ሰው ዕቃ የተሸከምኩ መሰለኝ። 205 እሠራው የነበረ ስኳት 185 ላይ ቆመ። ቤንች ከ130 ወደ 117.5፣ ዴድሊፍት ከ240 ወደ 230 ወረደ። በድምሩ 42.5 ኪሎ አጣሁ። ማታ ባለቤቴ ሾርባ ስታቀርብልኝ ማንኪያውን የያዘው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ83 ምድብ፣ ቁርሴን በልቼ ገብቼ፣ 217.5፣ 137.5 እና 250 አነሣሁ፤ 605 ኪሎ። ያን ቀን ወገቤ 88 ነበር።

ኃይሉ የት ሄደ? በተራብክ ቁጥር ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳርና አብሮት የሚኖረው ውሃ ይቀንሳል። ረሃቡ ሲረዝም የወንድነት ሆርሞን ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይበጣጠሳል፣ ከልምምድ በኋላ ማገገም ያቅታል። ሌላው የሰውነት ቅርጽ ነው። ስኳት ላይ ቀበቶ የምናስረው ሆዳችን በትንፋሽ ተወጥሮ እንዲገፋው ነው፤ የሚገፋው ሆድ ሲሟሽሽ ወገብ ድጋፉን ያጣል። ቤንች ላይ ደግሞ ደረት ሲሳሳ ባሩ የሚወርድበት መንገድ ይረዝማል።

ይህን ስል ስብ ራሱ ያነሣል ማለቴ እንዳይመስልህ። ስብ ባር አይገፋም። የክብደት ምድብን እንደ ጆንያ አስበው፦ 83 ኪሎ ብቻ ነው የሚመዘንልህ። ሚዛኑ ገለባውንም ጤፉንም እኩል ይቆጥራል፤ ገለባው በበዛ ቁጥር የሚጎድለው ጤፉ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጤፉ ሳይነካ ገለባው እስከ የት ይንፈስ የሚለው ነው። በአሠልጣኝነት እንዳየሁት፣ ጣሪያ ባለው ምድብ ለሚወዳደር ወንድ ከ12 እስከ 18 በመቶ ያለው ክልል ይስማማዋል። ከ10 በታች ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ኃይል የሚጨምር ሰው በጣም ጥቂት ነው። ቀጭንም ብርቱ ይሆናል፤ አሜሪካዊው ላማር ጋንት እ.ኤ.አ. በ1985 ስድሳ ኪሎ ገደማ ሆኖ 300 ኪሎ ዴድሊፍት አንሥቷል፤ የክብደቱን አምስት እጥፍ፣ ያውም በተጣመመ አከርካሪ። ያ ሰው ግን በተፈጥሮው ትንሽ ነበር፤ ከስቶ ያነሰ አልነበረም።

አንተ በ83 ተወዳደር። ለመጀመሪያ ውድድር መክሳት የሚባል ነገር አይታሰብ፤ በሦስቱም ስኳት ሙከራ ከወደቅህ ከውድድሩ ትወጣለህ፤ የመጀመሪያው ውድድር ደግሞ ያለ ረሃብም ያንቀጠቅጣል። ከሰኔ በኋላ ወገብህን ከ92 ወደ 87 ለማውረድ አስብ። ክብደትህ 83 ላይ ሆኖ ወገብህ 87 ከደረሰ ያ የባሕር ኃይል ቀመር 18 በመቶ ይልሃል፤ ሦስት ኪሎ ያህል ጤፍ በገለባው ቦታ ገባ ማለት ነው። ይህ የአንድ ክረምት ሥራ አይደለም፣ ሁለት ዓመት ስጠው። በመሐል መቀነስ ካማረህ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አትለፍ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የኖርዌይ ጥናት በሳምንት ከክብደታቸው 0.7 በመቶ የቀነሱ ስፖርተኞች እየከሱ ጡንቻ ጨምረዋል፤ በእጥፍ ፍጥነት የቀነሱት አልጨመሩም።

ጾሙን ጹም። 55 ቀን ኃይልህን አይወስድም፤ የሚወስድብህ በሽሮና በዳቦ ብቻ ከተወጣኸው ነው። ላንተ ክብደት በቀን 130 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋል። 100 ግራም ያልበሰለ ምስር 24 ግራም ገደማ ይሰጥሃል፣ ሽምብራ 20፣ ኦቾሎኒ 25፣ አኩሪ አተር 36። የምስር ወጡ ወፍራም ይሁን፣ ሽሮው ላይ የአኩሪ አተር ዱቄት ይቀላቀልበት፣ ኪስህ ውስጥ ቆሎና ኦቾሎኒ አይጥፋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነ ልምምድህን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አዙረው፤ ባዶ ሆድህን ከባድ ስኳት ስር አትግባ።

ጥያቄ። ለአሠልጣኙ። ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ዓምና 94 ኪሎ ነበር፣ ዘንድሮ 118 ገባ። ስቆጣው «እማ፣ የዓለም ኃያላን ሁሉ ቦርጫም ናቸው» ይለኛል። ሌሊት ያንኮራፋል፤ አንዳንዴ ትንፋሹ ጭራሽ ቆም ይልና ደንግጦ እንደሚነቃ ሰው ይመለሳል። ምግብ ልከልክለው?
እናቱ፣ ከሐዋሳ

መልስ። እናቴ፣ ከሁሉ በፊት ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ትንፋሽ ቆም እያለ የሚያንኮራፋ ሰው በእንቅልፉ አየር እያጠረው ሊሆን ይችላል፤ ልብንና የደም ግፊትን የሚጎዳ ነገር ነው። ግፊቱንና የደም ስኳሩንም ይለኩለት። ይህን ሳምንት አያሳልፉት።

ልጅዎ የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ከ120 ኪሎ በላይ ባለው ምድብ አሜሪካዊው ሄሱስ ኦሊቫሬስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 እንግሊዝ ሼፊልድ ላይ በሦስቱ ድምር 1,152.5 ኪሎ አንሥቷል፤ ትልቅ ሆድም አለው። እዚያ ምድብ ጣሪያ የለም፤ ገለባው ከጤፉ ቦታ አይወስድም። እንዲያውም ወፍራም ደረት ቤንች ላይ ባሩን ወደ ሰውነት ያቀርበዋል፤ ሆድም ስኳት ላይ ከጭን ጋር ተጋፍቶ ያግዛል። ዴድሊፍት ላይ ግን ጎንበስ ብሎ ባሩን ለመያዝ ያስቸግራል።

ልጅዎ ያላየው ከዚያ ስብ ስር ያለውን ነው። እነዚያ ሰዎች በብዙ ዓመት የተገነባ፣ ስቡ ቢገፈፍ እንኳ ግዙፍ የሆነ ጡንቻ አላቸው። የልጅዎ 24 ኪሎ የመጣው በአንድ ዓመት ነው፤ ጀማሪ ወጣት ደግሞ የቱንም ያህል ቢለፋ በዓመት ከጥቂት ኪሎ በላይ ጡንቻ አይሠራም። የቀረው አብዛኛው ስብ ነው።

ምግብ አይከልክሉት፤ ከከለከሉት ውጭ ይበላል፣ ስፖርቱንም ይጠላዋል። ለስላሳውንና ጁሱን ከቤት ያውጡ፤ በሌሊት የሚበላውን ሁለተኛ እራት ያስቀሩ። ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወጡ ይቅረብለት። ከዚያ አንድ ነገር በእኔ ስም ይንገሩት፦ በየወሩ መጀመሪያ ወገቡንና ስኳቱን በአንድ ደብተር ይጻፍ። ወገቡ አድጎ ስኳቱ ካላደገ የበላው ምግብ ወደየት እንደሄደ ራሱ ያነበዋል። ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ በታች እስኪሆን ድረስ ለኃይል ብሎ መወፈር የሚባለውን ይተወው። ደብተሩን ከሦስት ወር በኋላ ቢልክልኝ ደስ ይለኛል፤ ብርታቱን የምፈልገው እኔም ነኝና።

ጥያቄ። ጋሽዬ፣ 31 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 165። ለ57 ኪሎ ምድብ ብዬ በአራት ወር ከ66 ወደ 58 ወረድኩ። ዴድሊፍቴ ከ130 ወደ 115 ሆነ። የወር አበባዬ ከቀረ ሦስት ወር አለፈው፤ አብረውኝ የሚሠሩት «የስፖርተኛ ነው፣ የተለመደ ነው» አሉኝ። አንድ ኪሎ ብቻ ነው የቀረኝ። ልቀጥል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ። እህቴ፣ አትቀጥዪ። ዛሬውኑ አቁሚ።

የተለመደ ያሉሽ ብዙ ሴቶች ላይ ስለሚያዩት ነው፤ ብዙ መሆኑ ደኅና አያደርገውም። ሰውነት የሚገባለት ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት ጋር አልመጣጠን ሲለው መጀመሪያ የሚዘጋው መውለጃን ነው። ኤስትሮጅን ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። አንቺ ደግሞ ብረት የምትጭኚው በዚያው አጥንት ላይ ነው። የዴድሊፍትሽ 15 ኪሎ መውረድም ያንኑ ነገር እየነገረሽ ነው።

ከወንድ ጋር ራስሽን አታወዳድሪ። ወንድ ለመኖር ብቻ የሚያስፈልገው ስብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲሆን፣ ሴት ከ10 እስከ 13 ያስፈልጋታል። ያሠለጠንኳቸው ሴቶች ጥሩ ቁጥራቸውን ያስመዘገቡት ከ20 እስከ 28 በመቶ ባለው ክልል ነው፤ ከእነሱ አንዷም ሆዷ ላይ መስመር አልነበራትም። ግን 20 በመቶ ላይ ሆናም የወር አበባዋ የሚቀር አለች፤ ዋናው ምልክት እሱ ነው፣ መቶኛው አይደለም።

የሴቶች ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢ። እርግዝና፣ የእንቅርት ሆርሞንና ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን እንዲመረመሩ ጠይቂ፤ ስንት ኪሎ በስንት ጊዜ እንደቀነስሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ከምትበዪው ላይ አንድ ሙሉ እንጀራ በምስር ወይም በሥጋ ወጥ፣ አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ጨምሪ። ሚዛኑ ሲወጣ ትደነግጫለሽ፤ የመጀመሪያው አንድ ሁለት ኪሎ አብዛኛው ወደ ጡንቻሽ የተመለሰ ውሃ ነው። ምድብሽ 63 ነው፤ ሳትራቢ፣ ሳትንቀጠቀጪ የምትገቢበት።

ሐኪሙ እስኪያይሽ ድረስ ዴድሊፍት ከ90 ኪሎ አታሳልፊ፤ አምስት አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት አንድ ቀን። ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፤ የሚቀጥለውን ፕሮግራም እሱን አይተን እንሠራዋለን።