ቁጥሩ አልገጥም አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ላፕቶፔ ፎርማት ስለተደረገ ሊብሬኦፊስን፣ ያንን ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም፣ ከራሱ ድረ ገጽ አወረድኩ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኝ በመከራ ነው ያለቀው። ወንድሜ «ሳትጭኚው ቁጥሩን አመሳክሪ» ብሎ የፋይሉን ቁጥር አስልቶ የሚያወጣ ሰርትዩቲል የሚባል የዊንዶውስ ትእዛዝ በስልክ አጻፈኝ። የወጣልኝ ቁጥር ግን ገጹ ላይ ካለው ጋር ጭራሽ አይገናኝም፤ የኔው እንዲያውም አጠር ይላል። ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ቫይረስ አለበት ማለት ነው? ደግሜ እንዳላወርድ ፓኬጄ አልቋል። የሰፈር ልጅ ደግሞ «እኔ ጋ አለ፣ በፍላሽ ልስጥሽ» ይለኛል። ልቀበለው?
ሰ. ነኝ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ፋይሉን እንዳታጠፊው። ይህ ቁጥር ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ የፋይሉ አሻራ ነው፤ ያንቺ አዘጋጆቹ ገጹ ላይ ከጻፉት ጋር ከገጠመ ፋይሉ አልተነካም ማለት ነው። «አጠር ይላል» ያልሽው ነገር ገርሞኝ ፎቶውን አጉልቼ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ያንቺ 40 ፊደልና አኃዝ ነው። ገጹ ላይ ያለው 64 ነው። አንዱን በክንድ፣ ሌላውን በሜትር ለክተሽ «ጨርቁ ጎደለ» እንዳልሽ ቁጠሪው።

ሰርትዩቲል በየትኛው ስሌት እንዲያሰላ ካልነገርሽው ሻ 1 በሚባለው ያሰላል፤ የሻ 1 ውጤት ምንጊዜም 40 ነው። ገጹ ላይ ያመሳከርሽው የሻ 256 ነው፣ 64። ኤምዲ 5 ቢሆን ኖሮ 32 ይወጣልሽ ነበር። ስለዚህ ማንም ቁጥር አልገጥም ሲለው መጀመሪያ ይቁጠር። ወንድምሽ የትእዛዙን ጭራ ረስቷል፣ ወይ ኔትወርኩ ቆርጦታል፦ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ ትተሽ ኤስ፣ ኤች፣ ኤ፣ 256 ብለሽ አያይዘሽ ጻፊ። የፋይሉን ስም መጻፍ ከሰለቸሽ ፋይሉን በማውስ ጎትተሽ ትእዛዙን በምትጽፊበት ጥቁር መስኮት ላይ ጣዪው፣ አድራሻውን ራሱ ይሞላልሻል። ፋይል ማመቂያው ሰቨን ዚፕ ካለሽ ደግሞ ትእዛዝም አያስፈልግሽ፤ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ሲአርሲ ሻ»፣ ከዚያ «ሻ 256»። ፊደላቱ በትልቁ ቢወጡ በትንሹ ለውጥ የለውም።

ገጹ የሻ 1 ቁጥርም ካለው ለምን በእሱ አላመሳክርም ትይኝ ይሆናል። ተቆራርጦ የወረደ ፋይልን ለመለየት ይበቃል። ሆን ብሎ ለሚያጭበረብር ግን አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግልና በአምስተርዳም ያለ የሂሳብ ምርምር ማዕከል ይዘታቸው የተለያየ ሁለት ፒዲኤፎች አንድ ዓይነት የሻ 1 ቁጥር እንዲያወጡ አድርገው አሳይተዋል።

ትክክለኛውን ስሌት ስታወጪ ከገጠመ ያለ ስጋት ጫኚው። ካልገጠመ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ቫይረስ ሳይሆን መብራትሽን ነው። ሊብሬኦፊስ ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው፤ መሃል ላይ ሁለቴ የተቋረጠ ፋይል መጠኑ ጎድሎ ቢገኝ አይግረምሽ። የጎደለው አንዲት ባይትም ብትሆን ቁጥሩ ከሥሩ ይለወጣል። ይህን ስጽፍ አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍቼ አንዲት ነጠላ ሠረዝ ጨምሬ አየሁት፤ ከ64ቱ መጀመሪያም መጨረሻም ከበፊቱ የሚመስል ነገር የለም። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፣ የሻ 256 ቁጥርሽ «ኢ፣ 3፣ ቢ፣ 0፣ ሲ፣ 4፣ 4፣ 2» ብሎ ከጀመረ ፋይልሽ ባዶ ነው። ዜሮ ባይት። ባዶ ፋይል ስሙ ማንም ይሁን፣ የትም ይውረድ፣ ቁጥሩ ያው ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ያወቅሁት ግማሽ ቀን ከታገልኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ። ተቀበዪው። ብዙ ሰው «የሰው ፍላሽ አትንኪ» ይልሻል፤ እኔም እል ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን ከገጹ ላይ በስልክሽ ለማየት የሚያስፈልግሽ ዳታ ከፋይሉ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ልጁ ያለው ልክ ያው እትም፣ ያው ባለ 64 ቢት (የፕሮግራሙ ዓይነት ነው፣ ከቁጥሩ 64 ፊደላት ጋር አይገናኝም) መሆኑን ጠይቂ፤ ፋይሉን ሳትከፍቺ ወደ ላፕቶፕሽ ገልብጪ፤ ቁጥሩን አውጪና ከስልክሽ ጋር አመሳክሪ። ከገጠመ የልጁም ይሁን የጠላትሽ ፍላሽ፣ ያ ፋይል አዘጋጆቹ ያወጡት ነው። ፍላሹ ላይ ያለውን ሌላ ነገር ግን እንዳትነኪ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ቁጥሩን ከፍላሹ ላይ አትውሰጂ። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ የፒዲኤፍ ማንበቢያ በፍላሽ አመጣልኝ። አጠገቡ ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነበር። እኔም እንደ አዋቂ አመሳከርኩ፤ ገጠመ! ደስ ብሎኝ አራት ደንበኞች ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። በሳምንቱ ፍላሾቻቸው ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ መጡ። የአንዷን የመመረቂያ ጽሑፍ ለማውጣት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተቀምጫለሁ፤ አራቱንም በነጻ ፎርማት አደረግኩ። ፋይሉን የበከለው ሰው ቁጥሩንም አስልቶ አዲስ ጽፎ አስቀምጦልኝ ነበር እኮ! ሌባው ራሱ በጻፈው ደረሰኝ ነው ዕቃ የተረከብኩት።

ገጹም ቢሆን ሊደፈር ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነጻ ሥርዓተ ክወና ነው) ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃው ማስፈንጠሪያ ወደ ተበከለ ቅጂ ዞሮ ነበር። በዚህ የተነሳ ብዙ አዘጋጆች ከቁጥሩ ሌላ ዲጂታል ፊርማ ያኖራሉ፤ ፊርማውን ለመሥራት እነሱ ብቻ የያዙት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ገጹን የሰበረ ሰው ቁጥር እንጂ ፊርማ ሊጽፍ አይችልም። በዊንዶውስ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን ክፈቺ፤ በሊብሬኦፊስ ላይ የዶክዩመንት ፋውንዴሽን ስም መኖር አለበት። እሱም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮምፒውተር ማጽጃው የሲክሊነር እትም 5.33 ገና ሳይፈረምበት እዚያው ቤቱ ውስጥ ተበክሎ፣ ፊርማውም ቁጥሩም ልክ ሆኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጋ ደርሷል። ለአንቺ ሱቅ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋሽ የተቆረጠ ፋይልና የሰፈር ፍላሽ ነው፤ ለእነዚህ 64ቱ ይበቁሻል።

ስለ ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ ስለሚዞር የሚከፈልበት ፕሮግራም፣ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ደንበኞችሽ ማምጣታቸው አይቀርም። እሱን የሚያመሳክሩበት ቁጥር የለም፤ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፊ» የሚል መመሪያ ብቻ ነው አብሮት የሚመጣው።

ሞክረሽው አሁንም 64ቱ ካልገጠሙ ላፕቶፑን ይዘሽ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በዪ። የኔ ቅጂ የተመሳከረ ነው፣ እሰጥሻለሁ። ከመነሳትሽ በፊት ግን ደውዪ፤ እዚህም መብራቱ እንደዚያው ነው።