ላፕቶፓችን ላይ 90 ዲግሪ የሚታጠፈው ሮቦት አዘጋጆቹ ጋ ለምን ወደኋላ ይዞራል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት የሮቦቲክስ ክበብ አስተባብራለሁ። ተማሪዎቼ በዌቦትስ ሲሙሌተር፣ ሮቦትን በኮምፒውተር ውስጥ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ለሚካሄድ የኦንላይን ውድድር በፓይተን ኮድ ጽፈዋል። ክበቡ ላፕቶፕ ላይ ሮቦቱ፣ ኢ-ፐክ የሚባለው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ሮቦት ነው፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ በትክክል ይታጠፋል። ኮዱን ልከን አዘጋጆቹ በራሳቸው ኮምፒውተር ሲያስኬዱት ግን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፊቱን አዙሮ ወደ መነሻው ይመለሳል። ልጆቹ «ኢንተርኔቱ ነው» ይላሉ። ለሁለተኛው ዙር 9 ቀን ቀርቶናል።

መልስ፦ መምህር፣ ኢንተርኔቱን ይተዉት። ኮዱ አንዴ ከደረሰ ሮቦቱን የሚነዳው የእነሱ ኮምፒውተር ነው፤ ሐዋሳ ላይ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ሮቦቱ አያውቅም። ፍንጩ ያለው «ፊቱን አዙሮ» ባሉት ላይ ነው። 90 መዞር የነበረበት 180 ዞሯል፤ ልክ እጥፍ። ስህተት እንዲህ ልክ እጥፍ ወይም ልክ ግማሽ ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰዓት ነው።

ኮዱ ውስጥ «ታይም.ታይም» (የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚያነብ ትእዛዝ) የሚል ቃል ይፈልጉ። ልጆቹ አንዱን ጎማ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ በሴኮንድ 2 ራዲያን (የማዕዘን መለኪያ ነው፤ 1 ራዲያን 57 ዲግሪ ገደማ) አስነስተው፣ «2 ሴኮንድ እስኪሞላ ሮቦት.ስቴፕ እያልክ ቆይ» ብለው ጽፈው ሊሆን ይችላል፤ «ስቴፕ» ሲሙሌሽኑን አንድ እርምጃ ወደፊት የሚያስኬድ ትእዛዝ ነው። ያ 2 ሴኮንድ የግድግዳ ሰዓት፣ ማለትም የእኛው እውነተኛ ሰዓት፣ ነው። ሲሙሌተሩ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ከመስኮቱ በላይ፣ የሲሙሌሽኑ ሰዓት አጠገብ የፍጥነት ቁጥር አለ፤ እናንተ ጋ 0.5 አካባቢ ይመስለኛል። ይህ ማለት 2 የግድግዳ ሴኮንድ ሲያልፍ ሮቦቱ የኖረው 1 ሴኮንድ ብቻ ነው። ልጆቹ ቁጥሩን እየቀያየሩ 90 የሰጣቸውን ያዙ፤ ያዙት እንጂ የለኩት የላፕቶፑን ድካም ነው። የአዘጋጆቹ ኮምፒውተር በ1.0፣ ማለትም ከእውነተኛው ሰዓት እኩል፣ ሲሄድ ያው 2 ሴኮንድ 180 ሆነ። የባጃጅ ሹፌር ወደ ፒያሳ ለመታጠፍ ሰዓቱን አያይም፤ መንገዱን ነው የሚያየው።

«ታይም.ስሊፕ»ም ካለ ያውጡት። በተለመደው አሠራር ሲሙሌሽኑ ኮዱን ስለሚጠብቅ፣ ኮዱ ሲተኛ ዓለሙ በሙሉ ይቆማል፤ ሮቦቱ አንዲት ዲግሪ አይዞርም።

ቀላሉ ጥገና «ታይም.ታይም»ን በ«ሮቦት.ጌትታይም» መተካት ነው፤ ይህ የሚሰጠው የሲሙሌሽን ሴኮንድ ነው። ሲተኩ 2 የነበረው ቁጥር ወደ 1 መውረድ አለበት። የተሻለው ግን ሰዓቱን ትቶ ጎማውን መጠየቅ ነው። የኢ-ፐክ ጎማ ራዲየስ 20.5 ሚሊሜትር፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 52 ሚሊሜትር ነው። በቦታው 90 ዲግሪ ለመዞር እያንዳንዱ ጎማ 1.571 ሲባዛ በ26፣ ማለትም 40.8 ሚሊሜትር ይሄዳል። ለ20.5 ሲካፈል 1.99 ራዲያን ነው። ስለዚህ መዞር ሲጀምር የጎማውን ፖዚሽን ሴንሰር (ጎማው ምን ያህል እንደዞረ የሚናገረውን) ያንብቡ፣ ከዚያ ንባቡ በ1.99 እስኪለወጥ «ስቴፕ» ይበሉ። ሮቦታችሁ ሌላ ዓይነት ከሆነ ሁለቱን መጠኖች ብቻ ይቀይሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚሰናከልበት ነገር አለ። ሴንሰሩን «ኢኔብል» አድርገው (አብርተው)፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ስቴፕ» ሳይሉ ካነበቡት የሚመልሰው ቁጥር አይደለም፤ «ናን»፣ ማለትም «ቁጥር ያልሆነ»፣ ነው። ናን ከምንም ቁጥር «ይበልጣል» ወይም «እኩል ነው» ቢባል መልሱ ሐሰት ስለሆነ፣ «ልዩነቱ 1.99 ሲሆን ቁም» የሚለው መቼም አይፈጸምም፤ ሮቦቱ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ከኢኔብል በኋላ አንድ ባዶ ስቴፕ ይጨምሩ።

ያም ሆኖ ጥቂት ይቀራል። አንዱ እርምጃ 32 ሚሊሴኮንድ ከሆነ፣ በ2 ራዲያን ፍጥነት ሮቦቱ በአንድ እርምጃ 2.9 ዲግሪ ገደማ ስለሚዞር እስከዚያ ድረስ ሊያልፍ ይችላል። 10 መታጠፊያ ላይ ሲጠራቀም ግድግዳ ይነካል። የመጨረሻውን 0.3 ራዲያን በሴኮንድ 0.5 ራዲያን ፍጥነት ቢያስኬዱት በእርምጃ 0.7 ዲግሪ ይሆናል። ጎማ ሲንሸራተት ሴንሰሩ ስለሚዋሽ፣ ደንቡ ከፈቀደ ኢነርሻል ዩኒት፣ ሮቦቱ ራሱ ወዴት እንደዞረ የሚለካው ሴንሰር፣ ይመረጣል። ግን የእሱ ንባብ ከ3.14 ወደ ‑3.14 ይዘላል፤ ልዩነቱ ከ3.14 ከበለጠ 6.28 ይቀንሱ፣ ከ‑3.14 ካነሰ 6.28 ይደምሩ።

የአዘጋጆቹን ኮምፒውተር ሳያገኙ መፈተኛው ይኸው፦ ያንኑ ኮድ አንዴ በተለመደው ፍጥነት፣ አንዴ በፈጣኑ፣ አንዴ ደግሞ ከጀርባ ቪዲዮ እየተጫወተ ያስኪዱ። ሦስቱም ጊዜ ሮቦቱ አንድ ቦታ ከቆመ ሰዓቱ ተስተካክሏል። የሴንሰሩ ንባብ በዘፈቀደ ትንሽ የሚዛነፍ ከሆነ ጥቂት ሚሊሜትር መለያየት ያለ ነው፤ 90 ወደ 120 መሄድ ግን አይደለም።

ላፕቶፑን ለማፍጠን ከፕሪፈረንስ ውስጥ በኦፕንጂኤል ገጽ ጥላውን ያጥፉ፤ ካሜራ ካለ በ32 ፋንታ በ64 ወይም በ128 ሚሊሴኮንድ ያንብቡ። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም።

ሳይልኩ በፊት የአዘጋጆቹን የዌቦትስ ቅጂ ያረጋግጡ። ከአር2022ኤ ቅጂ ጀምሮ ወደላይ የሚያመለክተው መስመር ዋይ (Y) መሆኑ ቀርቶ ዜድ (Z) ሆኗል። ልጆቹ ከድሮ ቪዲዮ የቀዱት ኮድ የጂፒኤስን ሦስተኛ ቁጥር እንደ መሬት አቅጣጫ የሚያነብ ከሆነ፣ አሁን የሚያነበው ከፍታን ነው።

ሰዓቱንም አንድ ሰው ይያዝ። የማስረከቢያው ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተጻፈ ከእሱ 3 ቀንሰው፣ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ይቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ይደምሩ፤ በእኛ አቆጣጠር ያገኙታል። 15:00 ሐዋሳ ላይ ምሽት 12 ሰዓት ነው። «15 ማለት 3 ነው» ብሎ እስከ ምሽቱ 3 የሚጠብቅ ልጅ በር ተዘግቶ ያገኘዋል። የኮዱ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ መብራት ቢጠፋም በስልክ ዳታ ይሄዳል፤ ቪዲዮ ከጠየቁ ግን እሱን ቀደም ብለው በቀን ይጫኑ።