ለጠያቂዋ እህታችን፦ የጠዋቱ ስኳር ብቻ ከፍ ሲል

እህቴ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አነበብሁት። በእርግዝናሽ 27ኛው ሳምንት 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ የደም ስኳርሽን ስትመረመሪ በባዶ ሆድ 97 (ቁጥሮቹ ሁሉ ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው)፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 168፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 141 እንደተገኘብሽ ገልጸሽ፣ «ከፍ ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ራት ትቼ፣ እንጀራም አቁሜ ኢንሱሊኑን ማስቀረት እችላለሁ ወይ?» ብለሻል። እኔም በሁለተኛው እርግዝናዬ ያስቸገረኝ ይኸው የጠዋቱ ቁጥር ስለነበር፣ ያየሁትንና ከሐኪሞቼ የተረዳሁትን እጽፍልሻለሁ። መድኃኒቱንና መጠኑን የሚወስነው ግን አንቺን የሚከታተልሽ ሐኪም ነው።

በዚህ ምርመራ የእርግዝና ስኳር አለ የሚባለው በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ከሚባሉት መጠኖች አንዱ እንኳ ሲደረስበት ወይም ሲታለፍ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ብቻ ማለፉ ሕመሙን ግማሽ አያደርገውም። የጠዋቱ ቁጥር ከሌሎቹ የሚለየው ከበላሽው ምግብ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ ጉበትሽ ወደ ደም ከሚለቀው ስኳር ጋር ስለሚያያዝ ነው። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ሰውነትሽ ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማሉ፤ ቆሽትሽ ይህን ለማካካስ ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ማመንጨት ይኖርበታል፣ ሳይችል ሲቀርም ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል። ይህ ደግሞ ፅንሱ እያደገ ሲሄድ የሚበረታ እንጂ አንቺ በመስነፍሽ የመጣ አይደለም።

ራት መተው የማይበጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሆድሽ ባዶ ሆኖ ሲያድር ጉበት ሥራውን አያቆምም፤ ሰውነትሽም ስብ ማቃጠል ይጀምርና ኪቶን የሚባለው ነገር በደምሽ ይበዛል፣ ይህም ለነፍሰ ጡር አይመከርም። እኔ ራቴን በጊዜ እበላና ከመተኛቴ በፊት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጥቂት ኦቾሎኒ እጨምር ነበር። ለአንዳንድ እናቶች ይህ ብቻውን ይበቃቸዋል። የእኔ የጠዋት ቁጥር ግን በሕክምናው ከሚፈለገው ከ95 በታች አልወርድ ስላለ ሐኪሜ ማታ የሚወሰድ ኢንሱሊን አዘዘልኝ፤ ከዚያ በኋላ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተስተካከለ ቁጥሩ ወረደ።

ኢንሱሊኑን መፍራትሽን እረዳለሁ፤ «አንዴ ከተጀመረ አይቆምም» የሚለውን ወሬ እኔም ሰምቻለሁ። እውነቱ ግን የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኖቹም አብረው ስለሚሄዱ፣ አብዛኞቹ እናቶች በወለዱ ማግሥት ኢንሱሊን አያስፈልጋቸውም። በመርፌ የምትወጊው ኢንሱሊን የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ አይደርስም፤ የሚያልፈው ስኳሩ ነው። ስኳሩ ሲበዛበት ፅንሱ የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፣ ትከሻውና ሆዱ ይወፍራል፣ ምጡም አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። የታዘዘልሽ ደፍራሳው ዓይነት ከሆነ ጠርሙሱን ሳትንጪው በሁለት መዳፎችሽ መካከል እያንከባለልሽ አዋህጂው፤ ከእምብርት ራቅ ብለሽ የሆድሽን ጎን ቆዳ በስሱ ቆንጥጠሽ ውጊ፣ ቦታውንም በየቀኑ ቀያይሪ። ኢንሱሊን ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ድንገተኛ ረሃብ ከተሰማሽ ስኳርሽን ለኪ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ደግመሽ ለኪ።

እንጀራ ማቆም አያስፈልግሽም፤ መመጠን ግን ያስፈልጋል። ጤፍ ጥሩ እህል ቢሆንም ብዙ ሲበላ ስኳርን ከፍ ማድረጉ አይቀርም። ሙሉ እንጀራ በሽሮ ስበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 ያልፍብኝ ነበር፤ ግማሹን እንጀራ ከብዙ ጎመን፣ ከሰላጣና ከእንቁላል ወይም ከቀይ ሥጋ ጋር ስበላና ትንሽ ስራመድ ግን ከዚያ በታች ይሆንልኝ ነበር። ሽሮና ምስር ፕሮቲን ቢኖራቸውም ስኳር የሚሆን ነገርም ስላላቸው፣ ወጡ ሲበዛ እንጀራው መቀነስ አለበት። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ዘመድ «ለጉልበትሽ» ብሎ የሚያመጣው አጥሚት፣ በሶ በማርና የማንጎ ጭማቂ ነው፤ ማርም ስኳር መሆኑን ለእናትሽ አስረጂልኝ።

ዐቢይ ጾም እየመጣ መሆኑንም ጠቅሰሻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንዴ ብዙ መብላት ለዚህ ሕመም ከሁሉ የከፋው አመጋገብ ነው፣ ኢንሱሊን ለምትወስጂ ደግሞ አደገኛም ሊሆን ይችላል። ለንስሐ አባትሽ ሕመሙን ግለጪላቸው፤ የእኔ የንስሐ አባት ነገሩን እንደሰሙ ጠዋት እንድበላ ነግረው አሰናብተውኛል።

ስትለኪ እጅሽን ታጠቢና አድርቂው፤ ብርቱካን የላጠ ጣት የሌለ ስኳር ያሳያል። የጣትሽን ጫፍ መሃል ትተሽ ጎኑን ውጊው፣ ሕመሙ ይቀላል። ግቡ በባዶ ሆድ ከ95፣ ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ከ140 ወይም በሁለት ሰዓት ከ120 በታች ነው። ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ውድ ከመሆኑም ሌላ አንዳንዴ ከገበያ ስለሚጠፋ፣ እኔ ከሐኪሜ ጋር ተመካክሬ የጠዋቱን በየቀኑ፣ የምግብ በኋላውን ደግሞ አንድ ቀን ከቁርስ፣ አንድ ቀን ከምሳ፣ አንድ ቀን ከራት በኋላ እያፈራረቅሁ እለካ ነበር። የበላሽውን ከቁጥሩ አጠገብ ጻፊ፤ ሐኪምሽ ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው በዚያ ደብተር ነው።

የምትወልጂው ከፍ ባለ ሕክምና ተቋም ቢሆን እመክርሻለሁ፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይለካል፣ አንቺም በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ልትሰጪው ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚረሳው የራስሽ ምርመራ ነው። የእርግዝና ስኳር የነበረባት እናት ወደፊት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያንኑ የ75 ግራም ምርመራ መድገም፣ ከዚያም ቢበዛ በየሦስት ዓመቱ መመርመር አለባት። ሕፃኑን በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት ስትወስጂው የራስሽንም ምርመራ አብረሽ እንድታሠሪ ከአሁኑ ቀጠሮ አስይዢ፤ በዚያ ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ መሄድ ይኖርብሻል።