ትንሽ የጥብቅና ቢሮ ይግባኝ ይዞ መከራከር ይችላል ወይ?

እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ ይህ ነው፦ በዕቃ አቅርቦት ውል ተከሰው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። ጠበቃቸው ከአንድ ባልደረባው ጋር ብቻ የሚሠራ ሰው ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ «ይግባኝ የትልቅ ቢሮ ሥራ ነው፣ ቀይሪው» እያለ ይወተውታቸዋል። እኔም የምሠራው ሦስት ጠበቆች ባሉበት ቢሮ ስለሆነ ለወገኔ ማድላቴ አይቀርም፤ ይህን እያወቁ ያንብቡኝ።

የቢሮውን ስፋት ለጊዜው ይተዉትና ስለ መዝገቡ እናውራ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክርክሩን ከሥሩ አይጀምርም። የሚያየው ክሱንና መልሱን፣ የተያዘውን ጭብጥ፣ የምስክሮችን ቃልና ፍርዱን ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 329 መሠረት በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣ አዲስ ነገር በይግባኝ አይነሣም። ብዙ ሰው ከተፈረደበት በኋላ ወደ እኛ መጥቶ «ክሱ እኮ በይርጋ የታገደ ነበር» ይላል፤ ክስ የሚቀርብበት የሕግ ጊዜ አልፏል ማለቱ ነው። መልሱን ገልጠን እንፈልጋለን፤ የይርጋ መቃወሚያ የሚባል ነገር የለበትም። ይርጋን ባለጉዳዩ ካላነሣው ዳኛው በራሱ ተነሣሽነት ሊያነሣው አይችልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 ይህንን ይከለክላል። እንግዲህ ያ ነገር ያኔውኑ አልቆለታል ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። አንድ ደንበኛ የከሳሽ ምስክሮች ውሸታሞች መሆናቸውን ለማስረዳት ገጽ በገጽ ላይ የተደረተ የቅሬታ ረቂቅ ይዞ መጣ። መዝገቡን ስናነብ በመልሱ ላይ የይርጋ መቃወሚያ በግልጽ ተነሥቷል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ብይን ሳይሰጥበት በቀጥታ ወደ ፍሬ ነገሩ አልፏል። ያንን የመጀመሪያ ነጥብ አድርገን የምስክሮቹን ወሬ ወደ አንድ አንቀጽ አሳጠርነው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት የጠየቀን ስለ ይርጋው ብቻ ነበር፤ መዝገቡም በዚሁ ነጥብ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ። የሥነ ሥርዓት ሕጉም ቢሆን (ቁጥር 327) የይግባኝ ምክንያቶች ያለ ሐተታ ባጭሩ እንዲቀርቡ ነው የሚያዝዘው። እዚህ አገር ግን የቅሬታው ርዝመት የጠበቃው ትጋት መለኪያ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ለምን እንደሆነ ፈጽሞ አይገባኝም። በቁጥር 337 መሠረት ችሎቱ ፍርዱን ከተስማማበት መልስ ሰጪውን እንኳ ሳይጠራ ይግባኙን ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ ጠንካራው ነጥብ ስድስተኛው ገጽ ላይ ተቀብሮ መገኘት የለበትም።

አሁን ስለ ጊዜው። ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ነው። የፍርዱና የመዝገቡ ግልባጭ እንዲሰጥዎ በዛሬው ዕለት ያመልክቱ፤ ጠበቃ መምረጡ ጎን ለጎን ይሂድ። ጊዜው ካለፈ ማስፈቀጃ መጠየቅ ይቻላል፤ ሆኖም የጠበቃው፣ የወኪሉ ወይም የጠበቃው ጸሐፊ ጥፋት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ቁጥር 326 በግልጽ ይናገራል። ጠበቃዎ ቢዘነጋ ዕዳው የእርስዎ ነው።

ከዚህም ጋር ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን የፍርዱን አፈጻጸም አያግድም። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት የባንክ ሒሳባቸው ለፍርዱ ዕዳ ሲያዝ ነው። አፈጻጸሙ ለጊዜው እንዲቆም የሚጠይቀው የዕግድ አቤቱታ ራሱን ችሎ መቅረብ አለበት፤ ዕግዱ ካልተሰጠ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስብዎ ማሳየት ይኖርብዎታል፤ ዋስትናም ይጠየቃሉ። ዋስትናው ከየት እንደሚመጣ ከወዲሁ ያስቡበት።

ወደ ቢሮው ልመለስ። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች ፈቃድ የሚያወጡት በግል ነበር፤ ድርጅት መሥርተው በጋራ መሥራት የተፈቀደላቸው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ስለዚህ ዛሬ ትልልቅ የምንላቸው ብዙዎቹ ገና ወጣት ናቸው። የትንሽ ቢሮ ጥቅም መዝገቡን ያነበበው ሰው ራሱ ችሎት መቆሙ ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል፦ በአንድ ጠዋት ሁለት ቀጠሮ ከተጋጨ ወይም ጠበቃው ከታመመ የሚተካው ሰው መዝገቡን ላያውቀው ይችላል። ጠበቃዎን «እርስዎ ባይኖሩ ማን ይቆምልኛል?» ብለው ይጠይቁት፤ ባልደረባውንም ያግኙት። የክፍያ ውሉ የዕግዱን አቤቱታና ሰበርን (ከይግባኝ በኋላ በሕግ ስሕተት ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ) ይጨምር አይጨምር በጽሑፍ ይስፈር።

እኔ ብሆን ከጠበቃው ይልቅ የምፈራው አመለካከቱን ነው። ሥር ፍርድ ቤት የተከራከረ ሰው የራሱን ጽሑፍ ይወድዳል፤ የተሸነፈበትን ክርክር ቃል በቃል ወደ ይግባኙ ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ሳይቀይሩትም ቢሆን መዝገቡን ለሌላ ጠበቃ ሰጥተው ለንባብ ብቻ ከፍለው ያስመርምሩት። ያ ሰው «የሚያዋጣ ነጥብ የለም» ካለዎትም ምክሩን ከቁም ነገር ይቁጠሩት፤ ሰበር ይቀረኛል ብለው አይጽናኑ። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ ነው፤ የትኛው ምስክር ይታመን የሚለውን አይመዝንም፤ አቤቱታውም አስቀድሞ በአጣሪ ችሎት ያልፋል።

በጥያቄዎ ላይ ያልጻፉት አንድ ነገር አለ፦ ፍርዱ የተሰጠው በሌሉበት ነው? እንዲያ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። መጥሪያ በደንቡ አልደረሰኝም ወይም በበቂ ምክንያት አልቀረብኩም የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያመለክተው ለፈረደበት ለዚያው ፍርድ ቤት ነው፤ ጊዜውም ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ነው (ቁጥር 78)። መቼ እንዳወቁ የሚያሳይ ሰነድ ካለዎት ወደ ጠበቃው ሲሄዱ እሱንም ይያዙ።