ስለ ነርስነት ሥራ ጠይቁኝ፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ እመልሳለሁ። የምሠራው እዚሁ መሃል አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ድንገተኛ ክፍልም ሜዲካል ወርድም (የውስጥ ደዌ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ሠርቻለሁ። አሁን ኢንፌክሽን መከላከል ላይ ነኝ፤ ስለ መርፌና ስለ ደም ንክኪ ብትጠይቁኝ በደንብ እመልሳለሁ። የታካሚ ስምና ፎቶ እዚህ እንዳትለጥፉ።

ተመራቂዋ፦ ሲስተር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እጀምራለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። መጀመሪያ ምን ልልመድ?

ያገለገለ መርፌን ክዳኑን መልሰሽ አለመክደን። ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ነግረውሻል፤ ወርድ ስትገቢ ግን ብዙ ሰው ሲከድን ታያለሽ። አትከተያቸው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው እንበል። ደም ቀድተሽ ጨርሰሻል። በአንድ እጅሽ ጥጡን ተጭነሻል። ታካሚው ክንዱን ያወናጭፋል። ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥኑ) ኮሪደር ላይ ነው፤ አንቺን ደግሞ ሌላ ታካሚ ይጠራሻል። «ለጊዜው ልክደነው» ትያለሽ። ክዳኑን ስትጠጊው መርፌው ስቶ ጣትሽ ላይ ይገባል። ተወግተው እኔ ጋ ከመጡት ልጆች ስንቶቹ ይህንኑ ነገሩኝ! ስለዚህ ቦክሱን አስቀድመሽ አልጋው አጠገብ አድርጊ። መርፌው ከክንድ ሲወጣ በቀጥታ ቦክስ ውስጥ ይግባ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ፤ ቦታ ለማግኘት ብለሽ በእጅሽ እንዳትጫኚው።

ሁለተኛው ነገር ክትባት ነው። ሁላችንም የምንፈራው ኤችአይቪን ነው። ቫይረሱ ባለበት ደም ከተወጉ 1000 ሰዎች የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ግን ካልተከተቡ 100 ሰዎች እስከ 30 የሚደርሱትን ይይዛል። ክትባቱ 3 ጊዜ ነው፤ ዛሬ ብትጀምሪ፣ ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር። ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው። ሥራ ከመግባትሽ በፊት የመጀመሪያውን ውሰጂ።

አቡ፦ ሲስተር ነርሲንግ እንዴት ነው? ያዋጣል?

ደሞዙን ነው? ድካሙን ነው? የትምህርት ዕድሉን ነው? አጥርተህ ጻፍና እመልሳለሁ።

ሦስተኛ ዓመት፦ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ በደቂቃ ስንት ጠብታ?

የግሉኮሱ መስመር በአንድ ሚሊ 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 42 ገደማ። ሁሉም 20 አይደለም፤ ማሸጊያውን አንብብ።

ፒያሳ፦ የግል ሆስፒታል ነው የምሠራው። ናይት ላይ ኦቨር ታይም ስሠራ እንደ መደበኛ ሰዓት ነው የሚከፍሉኝ። ልክ ነው?

ልክ አይደለም። የግል ሠራተኛ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። የሠራሽበትን ሰዓት በደብተርሽ መዝግቢ። የመንግሥት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አትተዳደሩም፤ የሰው ኃይል ክፍላችሁን ጠይቁ።

ናይት ተረኛ፦ አስታማሚ ይሰድበናል፣ ሊመታን ይጋበዛል። ባለፈው አንዱ «ወንድሜ አልጋ ካላገኘ አትወጪም» ብሎ በር ዘጋብኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

አይዞሽ፣ እህቴ። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ብቻሽን አትቁሚ። ስታናግሪው በሩ ከአንቺ ጀርባ ይሁን። ጥበቃ ጥሪ፣ ባልደረባ ጥሪ። አልጋ ከሌለ «የለም» በይው፤ «ትንሽ ጠብቅ» አትበይው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያናድደው እሱ ነው። ሲነጋ ደግሞ ጽፈሽ ለኃላፊሽ ስጪ። በቃል የነገርሽው ከተረኞች ርክክብ አያልፍም።

ሰርጂካል ወርድ፦ እኔ የምለው፣ አስታማሚ ጭራሽ ወርድ መግባት የለበትም። አልጋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ግሉኮሱን ሳይቀር ያፈጥናሉ።

ለምለም፦ ነርስ አይደለሁም፤ እናቴን አስታምሜያለሁ። መድኃኒቱ ግቢ ውስጥ የለም ሲባል ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ያገላበጥኳት፣ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ነርሷ ስንቱ ጋ ትድረስ?

ሰርጂካል ወርድ፦ ማገላበጥ የኛ ሥራ ነው። መፍትሔው ነርስ መጨመር ነው።

ለምለም፦ እስኪጨመር እናቴ ጦሟን ትደር?

አቡ፦ በነገራችን ላይ የሆስፒታል ምግብ ጥያቄም አለኝ።

በቃ፣ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለምለም ልክ ናት፤ ዛሬ ባለው የሰው ኃይል ያለ አስታማሚ ወርዱ አይንቀሳቀስም። ግሉኮስ መንካት ግን ለታካሚው አደገኛ ነው። አስታማሚው ገና ሲመጣ የጠብታ መቆጣጠሪያዋን አሳዩትና «ይህችን እንዳትነካ፣ ሲያልቅ ጥራኝ» በሉት። ከነገራችሁት አብዛኛው ሰው ይሰማል።

ሳምሪ፦ ሲስተር፣ መርፌ መልሶ መክደን ለምን ይከለከላል?

ከላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ዮኒ፦ ለዱባይ የነርስነት ፈተና ምን ላንብብ?

አልተፈተንኩም። የተፈተነ ካለ ይመልስልህ።

ስም የለሽ፦ መርፌ ቢወጋ ብዙ ችግር አለው?

ይህንንም ከላይ ጽፌያለሁ። ማን ነው የተወጋው? መቼ? እንዲህ በደፈናው ሲጠየቅ መልስ የለኝም።

ስም የለሽ፦ እኔ ነኝ ሲስተር። ትናንት ማታ። ስከድን ነው። ይቆጡኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ነገ ጠዋት ልንገራቸው?

ነገ አይደለም፣ ልጄ፤ አሁን ተነሺ። ለዛሬው ተረኛ ኃላፊ ደውዪና «ትናንት ናይት ላይ መርፌ ወግቶኛል፣ ፔፕ ልጀምር» በያት። የታካሚውን የካርድ ቁጥር ያዢ፤ የእሱም ያንቺም ደም ይመረመራል። ፔፕ ማለት ከተወጉ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ከተጀመረ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ቁስሉን አትጭመቂው፣ በረኪና አታስነኪው፤ ሳሙናና የሚፈስ ውኃ ይበቃል። የሄፓታይተስ ክትባት ወስደሽ እንደሆነም ንገሪያቸው። ቤትሽ ሩቅ ከሆነ አቅራቢያሽ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢ፤ የግድ የራስሽ መሥሪያ ቤት መሆን የለበትም። ብቻሽን አትሂጂ። ስትደርሺ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እየጠበቅኩ ነው። የሌሎቻችሁን ጥያቄ ነገ ማታ እመለስበታለሁ።