ጆን ሄንሪ «ሞተ» ወይስ «ሞቱ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጆን ሄንሪ የሚተርከውን የአሜሪካ ባህላዊ ዘፈን ለልጆች በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ጆን ሄንሪ ሞተ» ብዬ ስጽፍ አንድ ወዳጄ «ለጀግና አንቱታ ይገባዋል፤ ሞቱ በል» አለኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ «ሞተ» ያሉትን እንዳለ ይተዉት። አንቱታ ክብር ብቻ አይደለም፤ ርቀትም ነው። እግዜርን «አንተ» እንላለን። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ አልቃሹ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ነው ያለው። ንጉሥነታቸው ጠፍቶት አይደለም።

ይህን ዘፈን ያወጡት ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ለባቡር ሐዲድ ተራራ ይበሱ የነበሩ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ገና ከባርነት መውጣታቸው ነበር። ታሪኩ ተፈጸመ ተብሎ በአብዛኛው የሚነገረው በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው ቢግ ቤንድ የባቡር ዋሻ ነው፤ ዋሻው የተቆፈረው ከ1870 እስከ 1872 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ረጅም የብረት መሰርሰሪያ አለቱ ላይ አስደግፎ ይይዛል፤ ሌላው በከባድ መዶሻ ይመታዋል። በየምቱ መሃል ያዡ ብረቱን ትንሽ ያዞረዋል። ቀዳዳው ሲጠልቅ ፈንጂ ይጠቀጠቅበታል። መዶሻው ትንሽ ከሳተ የያዡ እጅ አለቀለት። ስለዚህ ይዘፍናሉ፤ ዜማው ምቱን ልክ ያስይዘዋል። ከዚያ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን መጣ። ጆን ሄንሪ ተወዳድሮ አሸነፈውና መዶሻውን እንደያዘ ሞተ ይላል ዘፈኑ።

አንቱታውን ለአለቃው ያቆዩት። ከውድድሩ በፊት ጆን ሄንሪ ለአለቃው የሚለው በአማርኛ እንዲህ ቢሆን ያምራል፦ «ሰው መቼም ሰው ነው። ግን ይህ ማሽንዎ ከሚያሸንፈኝ መዶሻዬን እንደያዝኩ ልሙት።» አለቃው ሲመልስለት «አንተ» ይበለው። ያ «አንተ» የንቀት ነው፤ የዘፋኞቹ «እሱ» ግን የፍቅር ነው። ልጆቹ ልዩነቱን ሳይነገራቸው ይሰሙታል።

የወዳጅዎ ስጋት ግን ይገባኛል። ያኔ ነጮች ትልቁን ጥቁር ሰውዬ «ልጅ» ብለው ይጠሩት ነበር። ዘፈኑ ለዚህ የራሱ መልስ አለው፤ ሙሉ ስሙን ደጋግሞ ይጠራል። እርስዎም «እሱ» እያሉ አይለፉት፤ «ጆን ሄንሪ» ይበሉ።

ሠራተኞቹ መዶሻ እያነሱ የሚሏት አጭር ስንኝም አለች፤ እባክዎ አይተዋት። «ይህ መዶሻ ጆን ሄንሪን ገደለው፣ እኔን ግን አይገድለኝም» ትላለች። እዚህ ላይ «ገደላቸው» ካሉ ምሬቱ ሁሉ ይጠፋል።