ጥርስ በስልክ ይታያል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከሞጣ ወጣ ብሎ ነው። እናቴን የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ካመማቸው ሁለት ሳምንት አለፈ። ባሕር ዳር ያለ የጥርስ ሐኪም ደውዬ ባማክረው «መጀመሪያ በቴሌግራም ፎቶ ላኪልኝ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ላክሁለት፤ ሦስቱንም «ምንም አይታይም» አለኝ። ስልክ ልቀይር? በፎቶስ መታከም ይቻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ ስልክዎን አይቀይሩ። የአፍ ፎቶን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ምራቅ፣ ጉንጭና ከልክ በላይ መጠጋት ነው። ብዙ ስልኮች ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ሲጠጓቸው ምስሉ ብዥ ይላል። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው በኋላው ካሜራ 2 እጥፍ ያቅርቡ፤ ሌንሱንም አስቀድመው ይጥረጉ፤ የእጅ ወዝ አያጣውም።

እናትዎ በውኃ ይጉመጥመጡና ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዙረው በር ላይ ይቀመጡ። ጥርሱንና ድዱን በንጹሕ ፋሻ ያድርቁ። እርጥብ ጥርስ ላይ ፍላሽ ሲያርፍ ነጭ ነጸብራቅ ይፈጥራል፤ ሐኪሙ የሚፈልገውን ቀዳዳ የሚሸፍነውም እሱ ነው። ሌላ ሰው በታጠበ የሻይ ማንኪያ ጉንጫቸውን ወደ ውጭ ይሳብላቸው። ለታችኛው መንጋጋ አገጫቸውን ዝቅ፣ ምላሳቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርጉ፤ እርስዎ ከላይ ያንሱ።

አምስት ፎቶ ይበቃል፤ ጥርስ ገጥመው ከፊት፣ ከቀኝና ከግራ፣ አፍ ከፍተው የላይኛውንና የታችኛውን። ስድስተኛ ቢጨምሩ ሙሉ ፊታቸውን ያንሱ፤ የአንድ ጉንጭ እብጠት የሚለየው ከሌላው ጋር ሲተያይ ነው። ሲልኩ «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» የሚለውን ይምረጡ፤ ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሳል።

ከፎቶው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን አብሮት የሚላከው ጽሑፍ ነው። ቀዝቃዛ ሲነካው የሚመጣው ሕመም ወዲያው ይጠፋል ወይስ ይቆያል? የሚቆይ ከሆነ የጥርሱ ነርቭ ሳይነካ አልቀረም። ሌሊት ይቀሰቅሳቸዋል? ሲያኝኩበትስ? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ ሳይጠየቁ ይጻፉ።

በፎቶ መታከሙ እንኳ አይሆንም። በሁለት ጥርስ መካከል ያለ መቦርቦርና ሥሩ ላይ የቋጠረ መግል ያለ ራጅ አይታይም፤ መሙላትና መንቀልም እጅ ይፈልጋል። ሐኪሙ ከርቀት የሚወስነው ዛሬውኑ መንገድ ይግቡ ወይስ ጥቂት ቀን ይታገሡ የሚለውን ነው። ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ የአንድ ምልልስ የትራንስፖርት ወጪና ድካም ይተርፋል።

እብጠቱ ከመንጋጋ ሥር ወደ አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራቸው፣ አፋቸው ሁለት ጣት ካላስገባ ወይም ትኩሳት ካላቸው የቴሌግራም መልስ አይጠብቁ፤ የጥርስ ሐኪም ባይኖረውም ቅርብ ያለው ሆስፒታል ያድርሷቸው።

እስከዚያው አስፕሪን ፈጭተው ድዱ ላይ አያድርጉ። ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ ሐኪሙም ፎቶውን ሲያይ ቁስሉ የጥርሱ ይሁን የመድኃኒቱ መለየት ያቅተዋል።